ቨርችዋል ማሽን ምንድን ነው? ዶስን በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ስለማስነሳት

የአሴምብሊ (ለፕሮሰሰሩ በቀጥታ ትእዛዝ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ) ኮርስ በተጀመረ ቁጥር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ከሚማሩ ልጆች አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ጋሼ፣ ዶስ ብጭን ዊንዶውሴ ይጠፋል እንዴ?» አጭሩ መልስ ይኸው፦ በቀጥታ ሃርድ ዲስኩ ላይ ከጫናችሁት ሊጠፋ ይችላል። ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ከጫናችሁት ግን ንክች አያደርገውም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ዶስ በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር አብሮ የወጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። መሠረቱን የጻፈው ቲም ፓተርሰን የሚባል የሲያትል ፕሮግራመር ነበር። ማይክሮሶፍት ገዛውና ኤምኤስ ዶስ አለው። መስኮት የለው፣ አይኮን የለው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትመታላችሁ፤ ወይ ይሠራል ወይ ይቆጣችኋል። «ዲር» ፋይሎቹን ይዘረዝራል። «ሲዲ» ፎልደር ይቀይራል። «ኮፒ» ይገለብጣል። «ዴል» ደግሞ አንድን ፋይል «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ሳይል ያጠፋል። ለብቻው የተሸጠው የመጨረሻው የማይክሮሶፍት ዶስ 6.22 ሲሆን የወጣው በ1994 ነው። ዊንዶውስ 95 ከመጣ በኋላ ዶስ ከስር ተደብቆ ጥቂት ዓመት ቆየ እንጂ በስሙ የሚጠራው ጠፋ።

ታዲያ ዛሬ ማን ይፈልገዋል? የአሴምብሊ ተማሪ አንደኛ ነው። መማሪያዎቹ ላይ ያለው ኢንተራፕት 21፣ ማለትም ፕሮግራሙ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሥራ የሚጠይቅበት ጥሪ፣ የዶስ ነው። በሄክሳዴሲማል (መሠረቱ 16 በሆነ አቆጣጠር) የተጻፈ 21 ነው፤ በተራ ቁጥር 33 ይሆናል። ያ ኮድ ዶስ ከሌለ አይሠራም። ሁለተኛው የድሮ ፋይል ያለው ሰው ነው። የአሁኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተመሠረተው ሁለት ተቋማት ተዋህደው ነው፤ የ1952ቱ የግብርና ኮሌጅና የ1983ቱ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። የጤናው ኢንስቲትዩት ዕድሜ ከዶስ ዕድሜ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። በዚያ ዘመን የጤና ጥናት የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ ከሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ኤፒ ኢንፎ ነበር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1985 ያወጣው፣ በነፃ የሚታደል የዶስ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ዳታ መሳቢያ ውስጥ ያገኘ ሰው የሚከፍትበት ማሽን ያስፈልገዋል።

ማሽኑ ግን አሁን የለም። ይህ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ላፕቶፑ ከድሮዎቹ በሺህ እጥፍ እየፈጠነ እንዴት የድሮውን ዶስ ማስነሳት ያቅተዋል? ነገሩ የፍጥነት አይደለም። ዶስ ሲነሳ ባዮስ የሚባለውን የድሮ ፕሮግራም ይጠብቃል። ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ሥራውን ያስረክበዋል። ዶስ ኪቦርዱንም ዲስኩንም የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ባዮስ በኩል ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ባዮስን ትተው ዩኢኤፍአይ በሚባል ሌላ ነገር ብቻ ነው የሚነሱት። ዶስ ይህን አያውቀውም። ዩኤስቢንም አያውቅም፣ ዋይፋይንም አያውቅም። ስለዚህ ዶስን ለማስነሳት የሚያውቀውን ዓይነት ኮምፒውተር መስጠት ያስፈልጋል።

ቨርችዋል ማሽን የሚሰጠው ይህንኑ ነው። በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ሄርማታ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ጓሮው ላይ ሰርቪስ ሠርቶ እንደሚያከራየው አስቡት። ተከራዩ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ውሃና መብራቱ ግን ከአከራዩ ቆጣሪ ነው የሚሄደው። ከዚህ በኋላ ዊንዶውሳችሁን አከራይ፣ ዶሱን ተከራይ ልበላቸው። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ ይህ ተከራይ፣ ተከራይ መሆኑን አያውቅም። ባዮስ ይጠይቃል፣ ባዮስ የሚመስል ይመልስለታል። ሃርድ ዲስክ ይፈልጋል፣ ሃርድ ዲስክ ያገኛል። ያ «ሃርድ ዲስክ» በአከራዩ በኩል ሲታይ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ፍሎፒውም እንዲሁ ፋይል ነው።

ሐሳቡ ከዶስ ራሱ ይበልጣል በዕድሜ። አይቢኤም በ1960ዎቹ አንዱን ግዙፍ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ለማካፈል ሲል ነበር የጀመረው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሙሉ ማሽን ያለው እንዲመስለው አደረጉ። በ1974 ፖፔክና ጎልድበርግ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቨርችዋል ማሽን ለመባል ምን ማሟላት እንዳለበት ጻፉ። ተከራዩ እውነተኛ ማሽን ላይ ያለ ያህል መሥራት አለበት። የአብዛኛውን ትእዛዝ ሥራ ፕሮሰሰሩ ራሱ በቀጥታ ማከናወን አለበት። የንብረቱ ሥልጣን ደግሞ ከአከራዩ እጅ መውጣት የለበትም። የፒሲ ፕሮሰሰሮች ለዚህ ሥራ የሚሆን እገዛ በውስጣቸው ያገኙት በጣም ዘግይተው ነው፤ ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቨርችዋልቦክስ የሚባለውን የቨርችዋል ማሽን ፕሮግራም ጭናችሁ ማሽኑ አልነሳ ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው የፕሮሰሰር እገዛ ነው። ላፕቶፑ አለው፣ ግን ሴቲንጉ ላይ ተዘግቶ ነው። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ሴቲንጉ ገብታችሁ «ቨርችዋላይዜሽን» የሚለውን መክፈት ነው። በዚህ አንድ ነገር የተነሳ ላፕቶፑን ጥገና ቤት የወሰደ ልጅ አውቃለሁ። ብሩን ለቡና ቢያደርገው ይሻለው ነበር።

የትኛውን ዶስ ልጫን ካላችሁ ፍሪዶስን በሉ። ጂም ሆል በ1994 የጀመረው፣ ነፃና ክፍት የሆነ የዶስ ዓይነት ነው፤ እስከ ዛሬ ይታደሳል። ትእዛዞቹ ያው ናቸው፤ የድሮዎቹ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ ይሠሩበታል። ማይክሮሶፍት ራሱ የኤምኤስ ዶስ 1.25 እና 2.0 ኮዶችን በ2018፣ የ4.00ን ደግሞ በ2024 ለሁሉም ለቋል። 6.22 ግን አሁንም የንግድ ንብረት ነው፤ ከየቦታው የሚወርደው ቅጂ ፈቃድ ያለው አይደለም።

ለተከራዩ የምትሰጡት ነገር በጣም ትንሽ ነው። 32 ሜጋ ባይት ራም ይበቃዋል፤ ይበዛበታልም። ዶስ የተሠራለት 8086 ፕሮሰሰር ማየት የሚችለው 1 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር፤ ከዚያም ለፕሮግራም የሚተርፈው 640 ኪሎ ባይት ነው። ዲስኩን 500 ሜጋ አድርጉት። በዚያ ዘመን ሥርዓት አንድ ክፍልፋይ ከ2 ጊጋ ባይት አያልፍም ነበርና ከዚያ በላይ መስጠት ጣጣ ማብዛት ነው። ራሙ 4 ጊጋ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕም ይህን ያለ ሐሳብ ይሸከማል። ኢንተርኔት ደግሞ አንዴ ፋይሉን ካወረዳችሁ በኋላ አያስፈልግም። ዳታ ለሚቆጥር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ዶስ ሲጫን «ኤፍዲስክ» እና «ፎርማት» የሚባሉ ትእዛዞች ይመጣሉ። አንዱ ዲስክ ይከፋፍላል፣ ሌላው ዲስክ ያጸዳል። የኮምፒውተር ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። አንድ ማታ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፎርማት ሲ ብዬ አዎ አልኩት። የመመረቂያ ጽሑፌ ሲ ላይ ነው። አለቀልኝ?» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ቨርችዋል ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ከሆነ ምንም እንዳልሆነ ነገርኩት። ተከራዩ «ሲ» የሚለው ያንን አንዱን ፋይል ነው። የአከራዩን ሲ አያየውም፣ መኖሩንም አያውቅም።

ዶስን ለመማሪያ ጥሩ የሚያደርገው ለእኔ ይህ ነው። እውነተኛ ማሽን ላይ የማይደፈረው ሁሉ እዚህ ይደፈራል። ዲስኩን ከፋፍሉት፣ አጥፉት፣ የመነሻውን 512 ባይት አበላሹና ምን እንደሚል እዩ። ከመጀመራችሁ በፊት ስናፕሾት ውሰዱ። ስናፕሾት ማለት ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። ያበላሻችሁትን ሁሉ በአንድ ክሊክ ይመልስላችኋል። ዊንዶውስ ላይም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዊንዶውስ ግዙፍ ነው፣ ውስጡን አንድ ሰው አይጨርሰውም። ዶስ ግን ጥቂት ፋይል ነው። ከርነሉ (ዋናው እምብርቱ) አንድ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ አንድ፣ ሲነሳ የሚያነባቸው ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች። አንድ ሰሚስተር ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሊገባችሁ የሚችል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብዙ የለም።

ጠባዩ ግን አለው። አንደኛው፦ ላፕቶፑ ይግላል። ዶስ ምንም ሥራ ሳይኖረው እንኳ ፕሮሰሰሩን አያሳርፍም፤ «ኪ ተጫነ? ኪ ተጫነ?» እያለ ሲዞር ይውላል። በድሮው ማሽን ላይ ሌላ ሥራ ስላልነበር ማንንም አይጎዳም። አሁን ግን ከአከራዩ ላይ አንድ ኮር ሙሉ ይዞ ይቀመጣል፤ ፋኑ ይጮኻል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ እየሠራችሁ ከሆነማ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ፍሪዶስ ላይ «ኤፍዲኤፒኤም» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ዶስ ሥራ ሲፈታ ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ማሽኑን በ«ሴቭ ስቴት» ዝጉት። መብራት ሲመጣ ጠቋሚው ራሱ ካቆመበት ፊደል ላይ ይቀጥላል። ዶስን የሠሩት ሰዎች ይህን ቢያዩ ይቀኑ ነበር።

ሁለተኛው ጠባይ ፍጥነት ነው። ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲነሱ «ራንታይም ኤረር 200» ብለው ይሞታሉ። መልእክቱ በዜሮ ማካፈል ይላል፤ ኮዱን ብትፈትሹ ግን ዜሮ የሚባል የለም። የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለማወቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ዙር መቁጠር እንደሚችል ይለካል። ከዚያ ያንን ቁጥር ለ55 ያካፍላል። ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ውጤቱ በተዘጋጀለት 16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባ ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ይህንንም የማካፈል ስህተት ብሎ ነው የሚያስታውቀው። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ወይም ጌም ከገጠማችሁ ወደ ዶስቦክስ ሂዱ። ዶስቦክስ ትእዛዙን ለእውነተኛው ፕሮሰሰር አያስተላልፍም፤ የድሮውን ፕሮሰሰር ራሱ በሶፍትዌር ይተውነዋል። ኢሙሌተር የሚባለው ይህ ነው። ስለሚተውን ፍጥነቱን ማዘዝ ይቻላል፤ ኮንትሮልና ኤፍ11 ያዘገየዋል፣ ኮንትሮልና ኤፍ12 ያፈጥነዋል። ዲስክ መከፋፈልና ከባዶ መጫን መለማመድ ከፈለጋችሁ ግን ቨርችዋል ማሽኑ ይሻላል፤ ዶስቦክስ የራሱን ዶስ ይዞ ነው የሚመጣው።

ማውሱ ተከራዩ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ካለ ቨርችዋልቦክስ ላይ የቀኙን ኮንትሮል ንኩ። እንዲሁ ልጥቀሰው ብዬ ነው።

የአማርኛ ጉዳይ ለብቻው ነው። ዶስ በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክት ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ብቻውን ከ200 በላይ ሆኖ፣ ላቲኑና ቁጥሩ ሲጨመርበት አይበቃም። ስለዚህ የዘመኑ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መላ ፈጠሩ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በጋራ ቁጥር የሚያገኙበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የዶስ ሰነድ በዛሬ ወርድ ቢከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ፋይሉ ግን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተጻፈበት ፕሮግራም ከተገኘ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ አስነስቶ ማንበብ ይቻላል።

ፋይል ማስገባቱ ትንሽ ያደክማል። በዊንዶውስ ተከራይ ላይ የለመዳችሁት የጋራ ፎልደር ለዶስ የለም። መንገዱ ፍሎፒ ነው፤ ማለትም የፍሎፒ ኢሜጅ ፋይል (የፍሎፒው ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል)። እውነተኛ ፍሎፒ ካላችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ፈልጉ፤ ባለ 3.5 ኢንቹን ያነባል፣ ሰፊውንና ተጣጣፊውን ግን አያነብም። ጅማ ዝናብ አይታጣም፣ እርጥበት ደግሞ ፍሎፒን ያሻግታል። ስለዚህ ፋይል በፋይል እየከፈታችሁ አታድክሙት። አንዴ ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ ኢሜጅ ሥሩለትና ከዚያ በኋላ ኢሜጁን ብቻ ተጠቀሙ። የባለ 1.44 ሜጋ ፍሎፒ ኢሜጅ ልክ 1,474,560 ባይት ነው። ከዚያ ካነሰ ንባቡ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነውና ዋናውን ፍሎፒ ገና አትጣሉት።