የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት፦ ለተፈጥሮ፣ ለማኅበረሰብና ለሠራተኛ

የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው አንድ ድርጅት በሥራው ምክንያት በተፈጥሮ፣ በአካባቢው ነዋሪና በሠራተኞቹ ላይ ለሚያደርሰው ነገር ተጠያቂ መሆኑን ተቀብሎ የሚሠራበት አካሄድ ነው። በተለምዶ ግን ቃሉ ጠብቦ ችግኝ መትከልን፣ ደብተር ማደልንና ለእግር ኳስ ቡድን ማልያ መግዛትን ብቻ የሚያመለክት መስሏል። እነዚህ ክፋት የለባቸውም፤ ሁሉም ግን ትርፉ ከተገኘ በኋላ የሚደረጉ ናቸው። ከባዱ ጥያቄ ያለው ከዚያ በፊት፣ ጥሬ ዕቃው ሲገዛ፣ ማሽኑ ሲሠራ፣ ፍሳሹ ሲለቀቅና ደመወዙ ሲተመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

ሐሳቡ ከስሙ በብዙ ይቀድማል። በ1791 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድ እንዲታገድ የቀረበለትን ሐሳብ ውድቅ ሲያደርግ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባሪያ ጉልበት የተመረተ ስኳር መግዛት አቆሙ። «ይህን ዕቃ ማን አመረተው? እንዴትስ ተመረተ?» ብሎ የሚጠይቅ ሸማች ያኔም ነበር ማለት ነው። ከ1800 ጀምሮ በስኮትላንድ የኒው ላናርክን የጥጥ ፋብሪካ ያስተዳደረው ሮበርት ኦወን ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቅጠር ተወ፤ የሥራ ሰዓት አሳጠረ፤ በ1816 ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ፋብሪካው በዚህ ሁሉ መሀል አትራፊ ነበር።

ቸርነት ግን ሌላ ፊትም አለው። የባቡር ፉርጎ አምራቹ ጆርጅ ፑልማን በ1880ዎቹ በቺካጎ አጠገብ ለሠራተኞቹ ንጹሕ ቤት፣ መናፈሻና ቤተ መጻሕፍት ያለው ከተማ አስገነባ። አሠሪውም አከራዩም እሱ ነበር። በ1893 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ደመወዝ ተቀነሰ፤ የቤት ኪራዩ ግን ባለበት ቀጠለ። በ1894 የተነሣው የሥራ ማቆም አድማ የአገሪቱን የባቡር ትራንስፖርት በሰፊው አስተጓጉሎ በጦር ኃይል ተሰበረ። በ1898 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው መኖሪያ ከተማውን እንዲሸጥ ወሰነ። መናፈሻው ያማረ ነበር፤ ኪራዩን የሚወስነው ጠረጴዛ ዘንድ ግን ሠራተኛው ወንበር አልነበረውም።

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ክርክሩ የተጋጋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብዙዎች የዘርፉ አባት የሚሉት አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሃዋርድ ቦወን በ1953 የነጋዴን ማኅበራዊ ግዴታ በስፋት አነሣ። ሌላው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ተቃራኒውን ጻፈ፦ የንግድ ድርጅት ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ በባለአክሲዮኖች ገንዘብ በጎ አድራጊ ሊሆን አይገባም። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ከሥሩ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ ፍሪድማን ትርፉ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር፣ በጨዋታው ሕግ ውስጥ የተገኘ እንዲሆን ጠይቋል። በእኔ ግምት ክርክሩ በልገሳ ላይ ሲሰነዘር ጠንካራ ነው። ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ በሚለቅ ፋብሪካ ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያ ላይ ያለ ፈቃዱ ወጪ የሚሸፍነው ባለአክሲዮኑ ሳይሆን ከታች ውኃ የሚቀዳው ሰው ነውና።

በ1984 ኤድዋርድ ፍሪማን «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን፣ ድርጅት ከባለአክሲዮኖቹ ሌላ ሥራው የሚነካቸውን ሁሉ ማሰብ አለበት የሚል አስተሳሰብ አስፋፋ። በ1994 ደግሞ ጆን ኤልኪንግተን ድርጅቶች ውጤታቸውን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰውና በአካባቢም እንዲለኩ የሚጠይቀውን ሦስትዮሽ መለኪያ አስተዋወቀ። የሚገርመው በ2018 ኤልኪንግተን ራሱ፣ አምራች ብልሽት ያለበትን ዕቃ ከገበያ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ ሐሳቡን ለፍተሻ መልሼ ጠርቻለሁ አለ። ስለ ሥርዓት ለውጥ ያቀረበውን ሐሳብ ኩባንያዎች የሒሳብ መዝገብ ማሳመሪያ አድርገውት ነበር።

ተፈጥሮ

ለመለካት የሚቀለው ይህ ዘርፍ ነው፤ ለመደበቅም እንዲሁ። ከ2001 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት የሙቀት አማቂ ጋዞች አቆጣጠር ልቀትን በሦስት ወሰን ይከፍላል። የመጀመሪያው ድርጅቱ በራሱ ማሞቂያ፣ ጄኔሬተርና ተሽከርካሪ የሚለቀው ነው፤ ሁለተኛው ገዝቶ የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የተለቀቀው፤ ሦስተኛው ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው ጀምሮ ምርቱ ደንበኛው እጅ ገብቶ እስኪጣል ድረስ ያለው ሁሉ። መኪና አምራች ፋብሪካውን በሙሉ በፀሐይ ኃይል ቢያሠራ እንኳ አብዛኛው ልቀቱ ደንበኛው በሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ «ልቀታችንን በግማሽ ቀነስን» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ወሰን ቆጥሮ እንደሆነ ነው።

የውኃ ብክለት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ሚናማታ ምስክር ናት። በዚህች የጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው በዓሣ በኩል ሰው ዘንድ ደረሰ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው፤ ፍሳሹ የቆመው ግን በ1968፣ ከ12 ዓመት በኋላ። በ1972 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የተቀበለው «የበከለ ይክፈል» መርሕ እንዲህ ያለውን ወጪ ወደ አድራሻው ለመመለስ የታሰበ ነው።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች የፍሳሽ ማጣሪያ ይኖራቸዋል፤ በትክክል መሥራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክና ኬሚካል ስለሚበላ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚበራ ማጣሪያ አለ። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ የታንከሩን ማማር አያይም። በየወሩ የተገዛውን ኬሚካል ከምርቱ መጠን ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ዝቃጩን ይጠይቃል። ፍሳሽን ከልቡ የሚያጣራ ማሽን የግድ ዝቃጭ ይወጣዋል፤ ዝቃጩ ደግሞ የሆነ ቦታ በሆነ መኪና መጓጓዝ አለበት። የመጓጓዣ ደረሰኝ ከሌለ ማጣሪያው ተኝቷል፣ አለያም ዝቃጩ የማይሆን ቦታ ተደፍቷል።

ችግኝ ተከላን በተመለከተ ባለሙያዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ፦ ጉዳቱን መጀመሪያ ማስቀረት፣ ያልተቻለውን መቀነስ፣ የተጎዳውን ማዳን፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን በሌላ ቦታ ማካካስ። ብዙ ድርጅት ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ለፎቶ የሚመቸው እሱ ነውና።

ማኅበረሰብ

ድርጅት ለጎረቤቶቹ ሥራና ገበያ ያመጣል፤ አቧራ፣ ጩኸት፣ የመሬትና የውኃ ሽሚያም ያመጣል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር ነዋሪው የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። ንድፉ ካለቀና ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ ነፃ፣ ቀድሞ የተጠየቀና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ሲል እያንዳንዱ ቃል የራሱ ክብደት አለው፤ በተለይ «ቀድሞ» የሚለው።

ሠራተኛ

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ አቅራቢያ የሚገኘው ራና ፕላዛ የተባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የዋዜማውን ቀን ልብ ማለት ይገባል። ግድግዳውና ምሰሶው ላይ ስንጥቅ ታይቶ ሕንፃው ባዶ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበረው የባንክ ቅርንጫፍ በማግስቱ ሠራተኞቹን አላስገባም። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ጠዋት መብራት ጠፋ፣ ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች ተነሡ፣ ሕንፃው ወዲያው ወረደ።

በሕንፃው ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት ማኅበራዊ ኦዲት፣ ማለትም የሥራ ሁኔታ ፍተሻ፣ ተደርጎላቸው ነበር፤ ኦዲቱ ግን የሕንፃውን ጥንካሬ አይመረምርም። የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ በአንዳቸውም አልነበረም፤ ስንጥቁን ያየ ሠራተኛ አንገባም ለማለት ብቻውን ከአለቃው ጋር መጋፈጥ ነበረበት። ከአደጋው በኋላ የልብስ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙት ስምምነት ከቀደሙት የሚለየው በሕግ አስገዳጅ በመሆኑ ነው፤ ፍተሻውን ገለልተኛ መሐንዲሶች ያካሂዳሉ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጣል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው የገዢው ድርጅት የግዢ ክፍል ድርሻ ነው። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ቀለሙ ይለወጣል፤ የማስረከቢያው ቀን ግን አይለወጥም። ዋጋው ካለፈው ዓመት እንዲቀንስ ይጠየቃል። አምራቹ ልዩነቱን የሚያመጣው ከትርፍ ሰዓት፣ ከንዑስ ተቋራጭና ከደኅንነት ወጪ ነው። የሥነ ምግባር ክፍሉ «ትርፍ ሰዓት ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ ሲልክ፣ የግዢ ክፍሉ ያለ ትርፍ ሰዓት የማይደረስበት ትእዛዝ በዚያው ሳምንት ይልካል።

መርሖችና ሕጎች

በ2000 የተጀመረው የተባበሩት መንግሥታት ግሎባል ኮምፓክት ዛሬ በሰብዓዊ መብት፣ በሥራ፣ በአካባቢና በፀረ ሙስና ላይ 10 መርሖች አሉት፤ ፊርማው በፈቃደኝነት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) በ2010 ያወጣው አይኤስኦ 26000 መመሪያ እንጂ የምስክር ወረቀት መስጫ ደረጃ አይደለም፤ «የአይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት አለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ። በ2011 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት 31 የንግድና የሰብዓዊ መብት መሪ መርሖች፣ መንግሥት መብትን ይጠብቃል፣ ድርጅት ያከብራል፣ የተጎዳም ካሳ ያገኛል በሚሉ ሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆመዋል።

ወደ አስገዳጅ ሕግ የተኬደው በሁለት መንገድ ነው። ህንድ በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ያለፉትን ሦስት ዓመታት አማካይ ትርፋቸውን 2 በመቶ ለማኅበራዊ ሥራ እንዲመድቡ አዝዛለች። ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ኩባንያዎች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ውስጥ ያለውን አደጋ ፈልገው እንዲከላከሉ ያስገድዳሉ። የህንዱ ቆጠራ ይቀላል፤ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል። ሁለተኛው መንገድ ትርፉ እንዴት እንደመጣ ስለሚጠይቅ ክርክርና ተቃውሞም ይበዛበታል።

አረንጓዴ ቅብ

ያልሠሩትን የአካባቢ ጥበቃ እንደሠሩ አድርጎ ማስተዋወቅ አረንጓዴ ቅብ ልንለው እንችላለን። በመስከረም 2015 ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን በሚጠጉ ናፍጣ መኪኖቹ ላይ፣ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ ልቀቱን ዝቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር እንደነበረ አመነ። በዚያው ወር ኩባንያው በታወቀ የዘላቂነት ደረጃ መዳቢ መለኪያ ላይ የመኪና ኢንዱስትሪው መሪ ተብሎ ነበር። ደረጃ ሰጪዎች በአመዛኙ የሚያነቡት ኩባንያው ራሱ የሚሞላውን መጠይቅና የሚያወጣውን ሪፖርት ነው።

አነስተኛ ድርጅቶች

ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ባለቀለም ሪፖርት አያስፈልገውም። ደመወዝና የአቅራቢ ክፍያ በቀኑ መክፈል፣ የማሽን መከላከያ ሽፋንን ለፍጥነት ሲባል አለማውለቅ፣ የተቃጠለ ዘይትን ወደ ቦይ አለመድፋት ወጪያቸው ያን ያህል አይደለም። የቅሬታ ሳጥን ካለ ቁልፉ በቅርብ አለቃው ኪስ መሆን የለበትም፤ ሠራተኛው የጽሑፉን እጅ ማን እንደሚያውቅበት አስቀድሞ አስቧል፣ ሳጥኑም ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ ይከርማል።