«መጨረሻው ቆሼ አይደል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በማህበር ተደራጅተን ቆሻሻ እንሰበስባለን። በየብሎኩ የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ከውሃ ቢል ጋር ከፍያለሁ፣ ሶፋውንም አንሱልኝ።» ክፍያው ለየዕለቱ የቤት ቆሻሻ ነው። ሶፋ በእኛ ጋሪ አይገፋም፤ ከአራተኛ ፎቅማ ማን ያወርደዋል?

«ቁራሌው የሚገዛው ቆርቆሮ ብቻ ነው።» ስሙ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ መጣ እንጂ ጠርሙስም፣ የተቃጠለ ካውያም ይወስዳል። ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። በረንዳ ላይ ቴሌቪዥን ሸፍናችሁ «አንድ ቀን ይሠራል» የምትሉ፣ አይሠራም። ቁራሌውን ጥሩት።

«ልዋጭ ያታልላል።» ይከራከራል እንጂ! ለአሮጌ ጫማችሁ የሰጣችሁ ሳፋ ካነሰባችሁ እንቢ በሉ፣ አለቀ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት፣ እርጥቡንና ደረቁን ይለዩልኝ ብላቸው «ልጄ፣ ምን አደከመሽ፣ መጨረሻው ቆሼ አይደል?» አሉኝ፤ የአዲስ አበባን ቆሻሻ መጣያ ማለታቸው ነው። ፌስታሉን ተቀበልኩ። ከላይ ሽሮ፣ መሃል ሃይላንድና ካርቶን፣ ከታች የብርጭቆ ስባሪ። ስባሪውን ያወቅሁት ጓንቴን በስቶ አውራ ጣቴን ሲቆርጠኝ ነው።

እማማ፣ መጨረሻው ሁሌ ቆሼ አይደለም። ገንዳው ጋ ስንደርስ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተን እንለያለን። ሃይላንዱ ለብቻ፣ ካርቶኑ ለብቻ ይሸጣል። ወጥ የነካው ካርቶን ግን ገዢ የለውም። ቆሼ የሚሄደው እሱ ነው፤ የላኩትም እርስዎ ነዎት።

ቆሼ ደግሞ ዝም ብሎ የሚከመርበት ቦታ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። «አሁንማ ያቃጥሉት የለ?» የሚሉም አሉ። እዚያው በ2010 ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል፣ እውነት ነው። ግን እርጥብ የሽሮ ትራፊ ለጣቢያውም ለከሰል ምድጃም ጥሩ ማገዶ አይሆንም። መለየቱም የእኔ አመል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ገና ያኔ መልሶ ሊሠራ የሚችለውን ከሚጣለው ለዩ ብሎ ነበር፣ ለቤት አባወራና እማወራ።

ሁለት ከረጢት ይበቃል፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። ምላጭ ከሆነ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቁ። የብርጭቆ ስባሪ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ «ስባሪ ነው» ብላችሁ በእጅ ስጡን። የተረፈ እንጀራ በፀሐይ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። ፕላስቲክ ከብሎኩ ጀርባ አታቃጥሉ፣ ጭሱ ተመልሶ በመስኮታችሁ ነው የሚገባው።

እማማ ባለፈው ሳምንት ሁለት ከረጢት ይዘው ራሳቸው ወረዱ። ደስ ብሎኝ መረቅኋቸው። የደረቁን ስፈታው ከካርቶኑ ሥር የልጅ ልጃቸው ዳይፐር ተቀምጧል።