ኢንዱራንስ ብስክሌት ምንድን ነው? ለድሬዳዋ መንገድና ለደንገጎ ዳገት የሚሆን ምርጫ

ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ግን በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ሐሮማያ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ይሆናል። እሑድ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ይህን ዳገት ለልምምድ የሚወጣ፣ በሥራ ቀን ደግሞ በዚያው ብስክሌት ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር የሚመላለስ ሰው ምን ይግዛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ኢንዱራንስ ግዛ» ይላሉ። ቃሉ ጽናት ማለት ነው፤ የሚጸናው ብስክሌቱ ይሁን ነጂው ግን ከስሙ አይታወቅም።

ኢንዱራንስ ብስክሌት የአስፋልት ብስክሌት ነው። እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ መሪ፣ ቀለል ያለ ፍሬምና ዲያሜትሩ 622 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ አለው፤ ልዩነቱ ነጂው ሦስትና አራት ሰዓት ሳይጎብጥ እንዲቀመጥበት የፍሬሙ ልኬት መለወጡ፣ ሰፋ ያለ ጎማ እንዲያስገባ ቦታ መተዉ፣ ማርሹም ዳገት ላይ እንዲቀል ተደርጎ መመረጡ ነው። ሻጮች ስለ ካርቦን፣ ስለ ክብደትና ስለ ቀለም ብዙ ይናገራሉ፤ አንድን ብስክሌት ኢንዱራንስ የሚያሰኙት ግን እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ ሦስቱንም ገዢው ራሱ በሜትርና በዓይን ሊያረጋግጣቸው ይችላል።

የዚህ ዓይነት ብስክሌት አስተሳሰብ የመጣው፣ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ከውድድር ነው። በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር በ1896 የተጀመረው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሸካራ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ፈረንሳዊው ዥልቤር ዱክሎ ላሳል በ1992 እና በ1993 ያሸነፈው ንዝረት የሚውጥ የሮክሾክስ ሹካ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ክፍል) በተገጠመለት ብስክሌት ነበር። ከዚያ በኋላ ስፔሻላይዝድ በ2004 «ሩቤ» የተባለውን፣ ትሬክ ደግሞ በ2012 «ዶማኔ» የተባለውን ሞዴል አወጡ፤ የጃያንት «ዲፋይ»ም የካነንዴል «ሲናፕስ»ም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለሙያተኛ በድንጋይ ላይ የተሠራው ነገር ለተራው ነጂም እንደሚጠቅም ለመረዳት በድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን አንድ ጊዜ መንዳት ይበቃል።

ከሦስቱ ዋናው የፍሬሙ ልኬት ስለሆነ እሱን ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በአምራቾች ሰንጠረዥ ላይ ስታክ እና ሪች የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ስታክ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል አንስቶ መሪው እስከሚገባበት ቱቦ አናት ድረስ ያለው ከፍታ ሲሆን፣ ሪች ደግሞ በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት ነው። ስታክ ሲጨምር መሪው ከፍ ይላል፤ ሪች ሲያንስ መሪው ወደ ነጂው ይቀርባል። ለመካከለኛ ቁመት በተሠራ የውድድር ብስክሌት ላይ ስታክ 565፣ ሪች 395 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ስታኩን ለሪቹ ስናካፍለው 1.43 ይመጣል። ለዚያው ሰው በሚሆን ኢንዱራንስ ላይ ስታክ 600፣ ሪች 380 ሊሆን ይችላል፤ ይህ 1.58 ነው። ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱ ወደ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብስክሌቱ በባሕርዩ ኢንዱራንስ ነው፤ ወደ 1.4 ከቀረበ ደግሞ «ለምቾት የተሠራ» የሚለውን ማስታወቂያ ባልሰማ ማለፍ ይሻላል።

ይህ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት በርካሽ አገኘሁ ብዬ ገዛሁ። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስዞርበት እንከን አላየሁበትም። ደንገጎን ወጥቼ ቁልቁል ስመለስ ግን የሁለቱም እጆቼ ትንሿና የቀለበት ጣት ደንዝዘው ስለነበር፣ ፍሬኑን መያዝ አለመያዜን የማረጋግጠው በዓይኔ ነበር። መሪው ሲርቅና ዝቅ ሲል የሰውነት ክብደት ወደ መዳፍ ይዞራል፤ በመዳፍ የውጭ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚደነዝዙት እነዚሁ ሁለት ጣቶች ናቸው። ብስክሌቱን ያሳየሁት የሰፈሬ ጠጋኝ ከላይ እስከ ታች አይቶት ሲያበቃ፣ «አቦ፣ ብስክሌቱ ደህና ነው፤ የረዘመብህ መንገዱ አይደለም፣ እሱ ነው» አለኝ።

እርግጥ ነው፣ ከመሪው ሥር ቀለበት በመጨመር የውድድር ብስክሌትንም ከፍ ማድረግ ይቻላል። የሹካው አንገት ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ መሪው 3 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ነጂውም ይቀርባል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች በካርቦን ሹካ ላይ የሚደረደረውን ቀለበት ቁመት ይገድባሉ፤ ገደቡ ላይ ከተደረሰ በኋላ መፍትሔው ሌላ ፍሬም ብቻ ነው።

የሱቁ ሰው ሰንጠረዥ ባይኖረው ልኬቱን የግንበኛ ሜትር ይዞ መውሰድ ይቻላል። ብስክሌቱ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ፣ የፊት ጎማው ግድግዳ ነክቶ ይቆማል፤ አንድ ሰው ይያዘው። ከግድግዳው እስከ ፔዳሉ ዘንግ መሐል 95 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው እስከ መሪው ቱቦ አናት መሐል 57 ሴንቲ ሜትር ቢገኝ፣ ልዩነቱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሪች ይህ ነው። ከወለሉ እስከ ዘንጉ መሐል 27፣ ከወለሉ እስከ ቱቦው አናት 87 ቢሆን ደግሞ ስታኩ 60 ይሆናል። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

ሌላው የልኬት ለውጥ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። በኢንዱራንስ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ይደርሳል ወይም ጥቂት ያልፋል፤ የውድድሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ረዘም ያለው ብስክሌት ቶሎ አይታጠፍም፤ ይልቁንም በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ለባጃጅ ነጂ ምልክት ሲሰጡ አይወላገድም።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ የድሬዳዋ ነጂ ከሁሉ በላይ ሊያተኩርበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀደም ባለው ጊዜ የውድድር ብስክሌት ጎማ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። የዛሬ ኢንዱራንስ 32፣ አንዳንዱም 35 እና ከዚያ በላይ ያስገባል። ከ25 ወደ 32 ሲኬድ ጎማው ውስጥ የሚይዘው አየር ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ አየሩ በበዛ መጠን ግፊቱ ሊቀነስ ይችላል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ጎማው በድንጋይና በጉድጓድ ላይ እየነጠረ ፍጥነት ከማባከን ይልቅ ቅርጹን ለውጦ ያልፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ25 ጎማ ከ6 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ ሲነፋ፣ በ32 ጎማ ከ4 እስከ 4.5 ባር ይበቃዋል። ማንኛውም ውድ ኮርቻ ወይም የካርቦን ፍሬም የዚህን ያህል ንዝረት አይቀንስም፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት መሆን አለበት። በ25 ጎማ ግራና ቀኝ ጣት የማይገባ ከሆነ፣ ነገ ሰፊ ጎማ አይገባበትም።

ሙቀቱም የራሱ ሒሳብ አለው። በማለዳ 20 ዲግሪ ላይ 5 ባር የተነፋ ጎማ ውስጡ ያለው አየር እኩለ ቀን ላይ 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግፊቱ ወደ 5.6 ባር ይጠጋል። በዚያ ላይ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለመኪና የተሠራ ስለሆነ፣ ቀጭን ጎማን በሰከንዶች ከልክ በላይ ሊነፋ ይችላል። የአብዛኛው አስፋልት ብስክሌት ቫልቭ ደግሞ ቀጭኑ ፕሬስታ የሚባለው ነው፤ የጎሚስታው አፍ አይዘውም። ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ከጣት ጫፍ የሚያንስ የናስ ማገናኛ አለ፤ ብስክሌቱ ሲገዛ ሁለት ሦስት አብሮ ገዝቶ አንዱን ኮርቻ ሥር ባለች ቦርሳ ማኖር ያስፈልጋል። ያለ እሱ ነጂው መንገድ ላይ አየር እያለ አየር ያጣል።

በከተማዋ ዳር ዳር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ እሾህም አለ። ካላማዳሪ የሌለውና ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚደረግበት ቲዩብለስ ጎማ ለእሾህ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ፈሳሹ በሞቃት አገር ቶሎ ይደርቃል፣ በየጥቂት ወሩም መጨመር ይኖርበታል። ፈሳሹን በቋሚነት ማግኘት ለማይችል ሰው ወፈር ያለ ጎማ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪና የእጅ መንፊያ የተሻለ ዋስትና ናቸው።

ማርሽን በሚመለከት ብዙ ገዢ የሚታለለው የማርሹን ብዛት በመቁጠር ነው። 22 ማርሽ ያለው ብስክሌት ዳገት ላይ ከ16ቱ ሊከብድ ይችላል፤ ወሳኙ ከፊት ያለው ትንሹ ጥርሳም ክብና ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርሳም ክብ ስንት ጥርስ እንዳላቸው ነው። የኢንዱራንስ የተለመደው አደራረግ ከፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 34 ጥርስ ነው። 34 ለ34 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በ32 ሚሊ ሜትር ጎማ ይህ 2.15 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ትንፋሹን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። በአሮጌ የውድድር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 39 ለ25 ሲሆን ግን፣ በዚያው 9 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚረገጠው በደቂቃ 46 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ያ እያንዳንዱን እርግጫ እንደ ደረጃ መውጣት ያደርገዋል፣ ጉልበትንም ይጎዳል። ሳቢያን ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ደንገጎ ግን አይምርም።

የወጡትን መውረድም አለ። ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚቆነጥጠው ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ቸርኬውን ራሱን ያግላል፤ ቸርኬው ካርቦን ከሆነ ሙቀቱ ሊያበላሸው ይችላል። በቸርኬው መሐል ያለውን የብረት ሳህን የሚቆነጥጠው የዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ከጎማው አርቆ ይይዛል፣ ለሰፊ ጎማም ቦታ ይለቃል፤ በአዳዲስ ኢንዱራንሶች ላይ የምናየውም እሱን ነው። በዘይት የሚሠራው ለጣት ይቀላል፤ በሽቦ የሚሠራው ትንሽ ይጠነክራል፣ ሆኖም ሽቦው ቢበጠስ የትኛውም ጠጋኝ ይለውጠዋል። የሺማኖ ዘይት ፍሬን የሚጠቀመው ማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ከተጨመረበት ጎሚኖቹ ያብጣሉ። ይህን አጥብቆ የሚያውቅ ባለሙያ በቅርብ ለሌለው ሰው እኔ ሽቦውን እመርጣለሁ።

ስለ ፍሬሙ ማቴሪያል ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሉሚኒየም ፍሬም ከካርቦን ሹካ ጋር ለሥራ መመላለሻም ለልምምድም በቂ ነው። ያገለገለ ካርቦን ሲወድቅ የደረሰበትን ጉዳት ቀለም ሊደብቀው ስለሚችል፣ ታሪኩ ካልታወቀ ይቅር። ብረት ይከብዳል፣ ግን ይበየዳል።

ለሥራ መመላለሻ ሲባል ፍሬሙ ላይ የፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ ብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸው ይታይ። ቦርሳ በጀርባ ተሸክሞ በድሬዳዋ ሙቀት የሚነዳ ሰው ቢሮ ሲደርስ ሸሚዙ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል። የውኃ ጠርሙስ መያዣም ሁለት መሆን አለበት። የጠጠር መንገድ ለሚያዘወትር ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ጎማ የሚያስገባው ግራቭል የሚባለው ዓይነት ይሻለዋል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጎትታል።

ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ማስተካከል ነው። የኮርቻው ከፍታ መነሻ የሚሆነው የእግር ውስጥ ርዝመት በ0.883 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 82 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከፔዳሉ ዘንግ መሐል እስከ ኮርቻው አናት 72.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መሪውን በመጀመሪያ ከፍ አድርጎ መጀመር፣ በየሳምንቱም አንድ ቀለበት እያወረዱ ጀርባንና እጅን ማዳመጥ ይገባል። ሱቁ ለመልክ ብሎ ከመሪው በላይ የተረፈውን የሹካ አንገት ልቁረጠው ቢል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሐረር ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ገዢው እሺ ባይል ይሻላል፤ የተቆረጠ አንገት አይቀጠልም።