በሞተር ጥቅል ውስጥ በከፍተኛ ድግግሞሽ የሚባክን ኃይል እና አለካኩ

የሞተር ጥቅል፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ፣ ኮረንቲ (የኤሌክትሪክ ጅረት) ሲያልፍበት ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በኦሜትር የሚነበበው ሬዚስታንስ (ሽቦው ጅረቱን የሚቃወምበት መጠን) ይህን ብክነት በትክክል የሚያሳየው ለቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ተለዋዋጭ ጅረት ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) በጨመረ መጠን ወደ ሽቦው ገጽ ስለሚሸሽ የመሃሉ መዳብ ሥራ እየፈታ ይሄዳል። ጅረቱ ወደ መዳብ የሚዘልቅበት ጥልቀት በ50 ኸርዝ 9 ሚሊ ሜትር፣ በ1,000 ኸርዝ ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት የማግኔት ዋልታ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር 800 ኸርዝ ይደርሳል።

ሆኖም በቀጭን ሽቦ በተሠራ ጥቅል ውስጥ የሚከፋው የጎረቤት ሽቦዎች ማግኔታዊ መስክ በእያንዳንዱ ሽቦ ውስጥ የሚያሽከረክረው ጅረት ሲሆን፣ መስኩ ወደ ሮተሩ (የሚዞረው የሞተሩ ክፍል) አቅራቢያ ስለሚበረታ በዚያ በኩል ያሉት ሽቦዎች ከሌሎቹ የበለጠ ይግላሉ።

ለልኬቱ ሮተሩ ይወጣና ስቴተሩ (ጥቅሉን የያዘው የማይዞረው ክፍል) በሚፈለገው ድግግሞሽ ኮረንቲ ይመገባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ጥቅሉ ከሚቀበለው ኮረንቲ አብዛኛው ኃይል ሳይፈጅ ስለሚመላለስ ፓወር ፋክተሩ (በእርግጥ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁና ከኮረንቲው ብዜት ያለው ድርሻ) እጅግ ዝቅተኛ ነው። ፓወር ፋክተሩ 0.05 ሲሆን መለኪያው በቮልቴጅና በኮረንቲ መካከል ያለውን ማዕዘን ሲለካ ስሕተቱ 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ውጤቱን በ3.5 በመቶ ያዛባል። ጥቅሉ የተቀመጠበት የስቴተር ብረት ብክነትም አብሮ ስለሚነበብ፣ በሽቦው ውስጥ የሚሽከረከረው ጅረት እጅግ አነስተኛ እንዲሆን በጣም ቀጭንና እርስ በርስ የተገመዱ ሽቦዎች ያሉት ተመሳሳይ ናሙና ተለክቶ ልዩነቱ ይወሰዳል። ሙቀትም መመዝገብ አለበት፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ በሽቦው ውስጥ የሚሽከረከረው ጅረት ብክነት ግን በሙቀት ይቀንሳልና ሁለቱን በአንድ ማስተካከያ ማረም ስሕተት ነው።

ከኤሌክትሪክ መለኪያ ይልቅ ሞተሩን በታሸገ ሣጥን አስቀምጦ አየሩ የሚያወጣውን ሙቀት መለካት ይቻላል። ለምሳሌ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ የአየሩ ፍሰት በኪሎ ግራም ካልተሰላ ልኬቱ ይሳሳታል። ሳስ ያለ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የተለመደው የሞተር ደረጃ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነውና።

በአዳማ የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር ሲቃጠል በአዲስ ሽቦ ይጠቀለላል። በ50 ኸርዝ ለሚሠራ ሞተር ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎችን በአንድ ወፍራም መተካት ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፤ በኢንቨርተር (ድግግሞሹን በሚቀያይር መሣሪያ) ለሚነዳ ፈጣን ሞተር ግን በተመሳሳይ የመዳብ መጠን የሽቦው ዲያሜትር በእጥፍ ቢጨምር፣ ከጎረቤት መስክ የሚመጣው ብክነት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሞተሩን የሚጠቀልለው ባለሙያ የቀድሞውን ሽቦ ሲያወጣ ዲያሜትሩን፣ አብረው የሚሄዱትን ሽቦዎች ብዛትና አገማመዳቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት፤ በኦሜትር እኩል የሚነበቡ ሁለት ጥቅሎች በሥራ ላይ የግድ እኩል አይግሉምና።