የጉበት ወረፋ፦ ቀድሞ የተመዘገበ ለምን አይቀድምም?

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ላስረዳ። ከሟች ለጋሽ የሚገኝ ጉበት እንደ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ቀድሞ ለመጣ አይሰጥም። በብዙ አገር የሚቀድመው የባሰበት ነው።

መለኪያው ሜልድ የሚባል ነጥብ ነው፤ ከ6 እስከ 40 ይደርሳል። የሚሰላው ከደም ምርመራ ነው፦ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋትን የሚያሳየው አይኤንአር፣ የኩላሊቱ ክሬቲኒን። አሁን አሁን ሶዲየምም ይጨመራል። ነጥቡ የሚገምተው ሰውየው ያለ ንቅለ ተከላ በ3 ወር ውስጥ የመሞት ስጋቱን ነው። ስለዚህ «31 ገባ» ሲባል «ተመስገን» አይባልም፤ ብሶበታል ማለት ነው።

ለምሳሌ አንድ አባት ከዓመት በፊት ተመዝግበው ነጥባቸው 14 ነው። አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት ገብተው 31 ናቸው። የደም ዓይነታቸውና የሰውነት መጠናቸው ተመሳሳይ ከሆነ ጉበቱ ለእናትየው ነው። አባትየው ተበደሉ? አይመስለኝም። ከ15 በታች ላለ ሰው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናው ከመጠበቁ ይልቅ ያሰጋል።

ከዚህ ወደ ህንድ የሚሄዱት ግን በአብዛኛው በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል ነው የጉበት ክፋይ የሚቀበሉት። ለጋሹ የሰጠው ለገዛ ዘመዱ ስለሆነ ወረፋ የለም። የሐኪሞቹ ማጣሪያ ግን አይቀርም። ከጉበት ውጭ የተሰራጨ ካንሰር ካለ ባጠቃላይ አይሠራም። የዕድሜ ጣሪያና ከመጠጥ መታቀቢያው ጊዜ ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ 6 ወር የሚሉ አሉ፣ በዚያ የማይወሰኑም አሉ። እሱን የምትሄዱበትን ሆስፒታል ጠይቁ።

ነጥቡ እንዲሰላ ውጤት ስትልኩ ሁሉም የአንድ ቀን ምርመራ ይሁን። የጥርን ቢሊሩቢን ከሚያዝያ ክሬቲኒን ጋር አትደምሩ።