የውጭ ልማት እርዳታ በሰሜን ሸዋ፦ ከለጋሹ እስከ ወረዳው ገንዘብ ቤት

እዚህ ሰሜን ሸዋ የሚባለው በአማራ ክልል የሚገኘው፣ መቀመጫውን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ብርሃን ያደረገው ዞን ነው፤ በኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም ከሚጠራው ዞን ጋር መምታታት የለበትም።

ዞኑ ከውጭ እርዳታ ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በአንጾኪያ የእህል እደላ የጀመረው ወርልድ ቪዥን ረሃቡ ካለፈ በኋላም እዚያው ቆይቶ ወደ ውኃ፣ ወደ ችግኝና ወደ ግብርና ሥራ ተሸጋግሯል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ደግሞ በመርሐቤቴ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

የለጋሽ ገንዘብ ወረዳ የሚደርስበት መንገድ በገንዘብ ቤት ሠራተኞች አነጋገር «ቻናል» ይባላል። በቻናል አንድ ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴርና በክልሉ ገንዘብ ቢሮ በኩል ያልፋል፤ በቻናል ሁለት ለጋሹ ለአንድ ዘርፍ መሥሪያ ቤት፣ ለምሳሌ ለጤና፣ ይሰጣል፤ በቻናል ሦስት ራሱ ለጋሹ ወይም የመረጠው ድርጅት ያወጣዋል። ነገሩ የሒሳብ አያያዝ ብቻ ይምሰል እንጂ ማን እንደሚያቅድ፣ ማን ግዢ እንደሚፈጽምና ስህተት ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ከ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ ይሰጡ የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ፤ ሆኖም መምህሩና የጤና ባለሙያው ያለ ደመወዝ እንዳይቀሩ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ መልክ ለክልሎችና ለወረዳዎች ይወርድ ስለነበር በወረዳው ሣጥን ውስጥ ከመንግሥት ብር ተለይቶ አይታወቅም ነበር፤ ደመወዙን የሚቀበለውም ሰው የዓለም ባንክን ስም ላይሰማ ይችል ነበር።

በአርሶ አደሩ ዘንድ ስሙ በጣም የታወቀው በ1997 ዓ.ም. የጀመረው፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው ሴፍቲኔት ነው። የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድና ሌሎችም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፕሮጀክት ከመክፈት ይልቅ በአንድ የመንግሥት ፕሮግራም፣ በአንድ የሥራ ዕቅድ ተሰለፉ፤ የለጋሾቹን ስብሰባ የሚመራውም በተራ ነው። ሲጀመር ለሥራ የደረሰ ሰው በቀን 6 ብር፣ ወይም በወር ለአምስት ቀን ሥራ 15 ኪሎ እህል ይታሰብለት ነበር፤ አቅመ ደካሞች ሳይሠሩ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። በቀበሌው ግቢ ስሙ ሲጠራ ቀርቦ በቀለም የተነከረ አውራ ጣቱን በክፍያ ዝርዝሩ ላይ የሚያሳርፈው ሰው ብራሰልስና ዋሽንግተን ለሚላከው ሪፖርት የመጀመሪያውን ማስረጃ እየሰጠ ነው። ያ ወረቀት ወረዳ ሄዶ ካልተወራረደ የሚቀጥለው ገንዘብ አይለቀቅምና፣ የለጋሾችና የመንግሥት ትብብር ጥንካሬ በአዲስ አበባ ከሚፈረመው ስምምነት ይልቅ በወረዳው ሒሳብ ሠራተኛ እጅ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዘመን አቆጣጠሩ አለመገጣጠምም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ችግር ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በጥቅምት ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የሴፍቲኔቱ የእርከንና የተፋሰስ ሥራ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ እንዲሠራ የሚታቀደው ማሳው ባዶ ነው በሚል ሐሳብ ነው፤ ይህ መኸር ለሚያርሰው ቆላና ወይና ደጋ ይሠራል። በመንዝ ደጋ ግን በእነዚሁ ወራት ገበሬው የበልግ ገብሱን የሚዘራበትና የሚያርምበት ነው። ሰውዬው ከማሳው እና ከእርከኑ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ በዕቅዱ ላይ ግን ሁለቱም አካባቢዎች አንድ ናቸው።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ገንዘቡን ራሳቸው ቢይዙም ከክልሉ ገንዘብ ቢሮና ከሚመለከተው የዘርፍ ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ይፈርማሉ፤ በአጋማሽና በማብቂያ የጋራ ግምገማ ይደረጋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ በ621/2001 የነበረውን የውጭ ገንዘብ ገደብ አንሥቶ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የባለሙያ ውሎ አበልና የመኪና ነዳጅ በአስተዳደር ወጪ ወይስ በፕሮጀክቱ ሥራ ወጪ ይታሰብ የሚለው ክርክር ግን ከአዋጁም በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው።

የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራው ታግዶ በሐምሌ ተዘጋ፤ በባሶና ወራና ወረዳ በጎሼ ባዶና በጉዶ በረት ቀበሌዎች የተካሄደው የአፍሪካ ራይዚንግ የግብርና ምርምር ገንዘብም ቀድሞ ከዚያው የመጣ ነበር። በመሐል ሜዳና በሞላሌ የመንዝ በግ አርቢዎች ከምርምር ተቋማት ጋር የጀመሩት ሥራ በሌላ መልክ የቆመ ነው፦ አውራውን የሚመርጡት አርቢዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የተመረጠው በግ የሚያገለግለውም የአባላቱን መንጋ ነው።