የኃይል ዳይፖል ምንድን ነው? ባክቴሪያዎች በውሃ በኩል እንዴት ይገፋፋሉ?

ባክቴሪያ ሲዋኝ በዙሪያው ያለውን ውሃም ያንቀሳቅሳል። ያ ውሃ ደግሞ ጎረቤቱን ይገፋል ወይም ይስባል። ሁለቱ ሳይነካኩ፣ በመሃላቸው ባለው ፈሳሽ ብቻ አንዱ ሌላውን ሲያነቃንቅ ሃይድሮዳይናሚክ መስተጋብር ይባላል። ይህን በሒሳብ ለመያዝ የፊዚክስ ሰዎች አንዱን ባክቴሪያ ወደ ሁለት ቀስቶች ያሳጥሩታል። ጀርባ ለጀርባ የቆሙ፣ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቀስቶች። የኃይል ዳይፖል ማለት ይኸው ነው። የሚበላና የሚራባ ፍጡር በሁለት ቀስት ብቻ! ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ይሠራል። የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ መለየቱ ነው ትልቁ ሥራ።

መጀመሪያ ባክቴሪያው የሚኖርበትን ዓለም እንይ። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ የዘጌ ሰው መቅዘፊያውን ቢያነሳ ታንኳው ወዲያው አይቆምም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። ባክቴሪያ ይህን ዕድል አላገኘም። ኢ. ኮላይ የሚባለውን እንውሰድ። ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ ነው። በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይዋኛል፤ ማለትም በየሰከንዱ የራሱን ቁመት አሥር ጊዜ ያህል ያልፋል። ጭራዎቹን ማሽከርከር ሲያቆም ግን እዚያው ቀጥ ይላል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርስል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ አስልቶታል፤ ካቆመ በኋላ የሚንሸራተተው ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት ያንሳል።

ውሃው ያው የጣና ውሃ ነው። ልዩነቱ የዋናተኛው መጠን ነው። ሬይኖልድስ ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ፤ የግስጋሴው ኃይል ከፈሳሹ መያዝ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ለታንኳው ይህ ቁጥር ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ለኢ. ኮላይ ከአንድ አሥር ሺህኛ በታች ነው።

ለሞዴል ሠሪው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። በዚህ ዓለም የፈሳሹ እኩልታ ቀላል ይሆናል፤ ማዕበልና ሁከት የሚያመጣው አስቸጋሪ ክፍል ይወድቃል። የአንዱን ባክቴሪያ ፍሰት ካወቅህ የመቶውን ለማግኘት መደመር ብቻ ነው። ፍሰቱም ትናንት የሆነውን አያስታውስም፤ የሚወስነው አሁን ማን የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ነው።

ቀስቶቹ ታዲያ ከየት መጡ? ኢ. ኮላይ ከኋላው በአንድ ላይ ተገምደው የሚሽከረከሩ ቀጫጭን ጭራዎች አሉት። እነሱ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፉታል። አካሉ ደግሞ ወደ ፊት ሲሄድ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሁለቱ ግፊቶች እኩል ናቸው፤ ወደ ፊት የሚነዳውን የሚያካክስ መጎተት አለና። ስለዚህ ውሃው በፊትና በኋላ ይወጣል፣ በጎንና በጎን ይገባል። እንዲህ ያለው ዋናተኛ ገፊ ይባላል። ክላሚዶሞናስ የምትባለዋ ባለ ሁለት ጭራ አልጌ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ ከፊቷ እየቀዘፈች ውሃውን ወደ ራሷ ትስባለች። እሷ ሳቢ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ኢ. ኮላይ ዙሪያ ያለውን ፍሰት በቀጥታ ለኩት። ራቅ ሲባል ሁለቱ ቀስቶች የሚሉትን ሆኖ ተገኘ። የእያንዳንዱ ቀስት ኃይል 0.4 ፒኮኒውተን (የኒውተን ትሪሊዮንኛ) ገደማ ነው። አብሮ የመጣው ሌላው ውጤት ግን የሚያስደነግጥ ነበር፦ ይህ ፍሰት በጣም ደካማ ነው።

ምን ያህል ደካማ? የዳይፖል ፍሰት በርቀት ካሬ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ሩብ ይሆናል። በሐይቅ ውሃ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙ ይመስላል። ግን በአንዱና በሌላው መካከል ያለው አማካይ ርቀት 100 ማይክሮሜትር ይሆናል። ሁሉም እንደ ኢ. ኮላይ ይዋኛሉ ብንል እንኳ፣ በዚያ ርቀት ጎረቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ፍሰት በሰከንድ 0.003 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ባክቴሪያው ራሱ በሰከንድ ከ20 በላይ ይሄዳል። በዚያ ላይ በየሰከንዱ ገደማ ተገለባብጦ አቅጣጫ ይቀይራል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ዳርቻ በተቀዳ ጠብታ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚለወጠው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ግድግዳ አጠገብ። ጀሪካን ውስጥ ያለ ገፊ ዋናተኛ ወደ ፕላስቲኩ ሲጠጋ፣ በጎኑ የሚስበው ውሃ ከግድግዳው በኩል እንደ ልብ አይመጣለትም። ስለዚህ እሱ ራሱ ወደ ግድግዳው ይሳባል። አካሉና ጭራው በተቃራኒ ስለሚሽከረከሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ክብ እየሠራ ይዞራል። ብዙ በቆየ ቁጥር የመጣበቅ ዕድሉ ይጨምራል። ጀሪካን ሳይታጠብ ሲቆይ ውስጡን የሚያሙለጨልጨው ነገር አንዱ አጀማመር እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ቀስቶች ብቻቸውን አይበቁም። ግድግዳው ሲቀርብ የአካሉ ቅርጽ፣ የጭራው ርዝመት፣ ግጭቱ ራሱ ይገባሉ። ዳይፖል የሩቅ ሒሳብ ነው።

ሌላው ግርግር ነው። በሚሊ ሊትር ቁጥራቸው ወደ አሥር ቢሊዮን ሲጠጋ ርቀታቸው 5 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። ያኔ ውሃው በአዙሪት ይሞላል። ባሲለስ ሰብቲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ላይ ይህ በደንብ ታይቷል፤ መንጋው አንዱ ብቻውን ከሚዋኝበት በፈጠነ ፍጥነት ይፈሳል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የውሃው፣ ምን ያህሉ የመጋፋቱ ሥራ እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱንም ያልያዘ ሞዴል ግማሽ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የውሃው ውፍረት፣ ማለትም ለመፍሰስ ያለው እምቢታ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሲለስ ሰብቲለስ የሚዋኝበት ፈሳሽ ሲለካ ለፍሰት ያለው እምቢታ እስከ 7 እጥፍ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ በኢ. ኮላይ የተሠራው ሙከራ ደግሞ፣ ፈሳሹ በዝግታ ሲገፋ እምቢታው ዜሮ ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። ጉልበቱ ከሰማይ አልወረደም፤ ባክቴሪያዎቹ ከምግባቸው ያመጡት ነው። ፍሰቱ ባክቴሪያዎቹን ፈሳሹ በሚለጠጥበት አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል፤ የሚገፉት ውሃም ያንኑ ፍሰት ያግዘዋል። ቀስቶቹን ብትገለብጣቸው ውጤቱም ይገለበጣል። ክላሚዶሞናስ ላይ ተሞክሯል፤ በሕይወት የሚዋኙ አልጌዎች ያሉበት ውሃ፣ የሞቱ አልጌዎች ካሉበት ይበልጥ ወፍራም ሆኖ ተገኝቷል።